ባዶ ቦታ

ባዶ ቦታ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እየጠፋ ነው። ድሮ ሰው ሜዳ ሲያይ «ወይ መስክ!» ብሎ ከብት ይመኝ ነበር። አሁን «ስንት ካሬ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሟችን ግቢ በዓይናቸው የሚለኩ ሰው አውቃለሁ። «ነፍስ ይማር» ብለው ሳይጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይሉና «ከጓሮ በኩልም ቦታ አለው አይደል?» ይሉኛል።

እኚህ ሰው ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ደላላ አይደሉም። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሠራተኛነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ከሚኖሩባት ቤት በቀር መሬት ገዝተውም ሸጠውም የማያውቁ ሰው ናቸው። የሚለኩት ለነገሩ ፍቅር ነው። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፤ እሳቸው የሰው ቦታ ወርዱን በቁመቱ ያባዛሉ።

እኚህን ሰው ነው እንግዲህ ከጣና ረግረግ ጋር ያስተዋወቅኳቸው።

ረግረግ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ፈተና ነው። ሐይቅ ቢሆን ሐይቅ ነው፤ ዓሣ ይወጣበታል፣ ዳር ዳሩን ሆቴል ይሠራበታል። መሬት ቢሆን ይታረሳል። ረግረግ ግን ሁለቱንም አልሆንም ብሎ መሀል የተቀመጠ ነገር ነው። በዚያ ላይ ስሙን የሚያነሣለት የለም። ሰው ኑሮ ሲብስበት «ከድጡ ወደ ማጡ» ይላል፤ ድጥ ቢጥልህ ትነሣለህ፣ ማጥ ግን አይለቅህም። እኛም ልጆች ሳለን ወደ ጨፌው እንዳንወርድ የሚያስፈራሩን በአልቅት፣ በዘንዶ፣ በወባና በጋኔን ነበር። ጋኔኑን አላየነውም። አልቅቱ ግን ነበረ።

የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ስም የምናጠፋው ቄጤማ በተጎዘጎዘ ቤት ተቀምጠን መሆኑ ነው። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ረግረጉን አጭደን፣ በእስር ገዝተን፣ ሳሎን ድረስ አስገብተን እንረግጠዋለን፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ከሌለ ደግሞ ቤቱ ኦና ይሆንብናል። ቀዳም ሥዑር ላይማ ይብሳል። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብ ለማሰብ ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፣ ምእመኑም ራሱ ላይ ያስራል። የጋሼ ባለቤት እትዬ ቄጤማቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በሰፈራችን ወንዝ ዳር ያለውን ጨፌ ባፍንጫቸው ላይ ነጠላ ደፍነው ነው የሚያልፉት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የዘመድ ሠርግ ባሕር ዳር ጠርቶን ነበር። ሠርጉ አልቆ መልሱ እስኪደርስ አንድ ቀን ባዶ ሆነ፤ ጋሼ ደግሞ ባዶ ቀንም ያስጨንቃቸዋል። ሐይቁ ዳር ስንወርድ አንድ የጀልባ ልጅ ቀድሞ አገኘን። «የዓባይን መውጫ ላሳያችሁ? ጉማሬም አለ» አለን። ጋሼ ዋጋ ተከራከሩ፣ እትዬ «አይገለብጠንም?» ብለው ጠየቁ፣ ልጁ ለሁለቱም «ችግር የለም» ብሎ መለሰ። ገባን።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ ነው። ይህን ልጁ ሲናገር ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎት መስሎኝ ነበር።

«3 ቢሊዮን ካሬ» አሉ ሲገልጡ። «በ200 ካሬ ቢሸነሸን ለ15 ሚሊዮን አባወራ ይደርሳል።»

«ጋሼ፣ ውሃ እኮ ነው» አልኩ።

«ጥልቀቱስ?»

«ጥልቅ በሚባልበት 15 ሜትር ቢሆን ነው» አለ ልጁ።

«አየህ!» አሉኝ፣ ግማሹን መንገድ የጨረሱ ይመስል።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ስንደርስ ውሃው ጠበብ ብሎ ዳርና ዳሩን ደንገል ወረሰው። ደንገልን ከሩቅ ያየ ሰው ሣር ይለዋል። አጠገቡ ሲቀርቡ ግን ከሰው ቁመት በላይ ሄዶ፣ አንዳንዱም አራት ሜትር ደርሶ፣ ጫፉ ላይ የተበተነ አረንጓዴ ፀጉር ተሸክሞ ይወዛወዛል። ልጁ አንዱን ቆርጦ ሰጠኝ። ግንዱ ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ልጣጩ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጣት ሲጫነው ጎድጉዶ ቀስ ብሎ የሚመለስ። ውሃ ውስጥ ነክሬ ጨመቅሁት፤ ተከታታይ አረፋ ወጣ። አየር ነው የሞላው። የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩት ከዚህ ነጭ ሥጋ ነው።

ጋሼ የደንገሉን ግንድ አይደለም የሚያዩት። አካባቢውን ነው።

«ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶውን ነው የተቀመጠው?»

«የሐይቁ ነው ጋሼ።»

«የሐይቁ ስትል፣ በማን ስም?»

ልጁ ትንሽ አሰበና «በጉማሬው» አለ።

ካርታ ከተጠየቀም እንኳ ወረቀት አይጠፋም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባለይዞታውን ፍለጋ ሞተሩ ጠፋ። የእኛ ዘመን ሰው ከጉማሬ ጋር የተዋወቀው በጀርባው ነው። ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ አለንጋ የማያውቅ ጎልማሳ በአገራችን ስንት አለ? እንስሳው ራሱ ግን የዋዛ አይደለም። ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ 40 ኪሎ የሚያህል ሣር ሲግጥ ያድራል፤ ሣር ካነሰው የገበሬውን እርሻ አይንቅም። ይህን ሁሉ ክብደት ይዞ ዋና አይችልም፤ ውሃው ሥር መሬቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። አፍንጫውንና ጆሮውን ዘግቶ አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል። አምስት ደቂቃ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ምንም በሌለበት ውሃ ላይ ላፈጠጠ ሰው በጣም ረጅም ነው።

ጠበቅን። ቢምቢው ቀድሞ አገኘን።

«አለ ያልከው ጉማሬ የታለ?» አሉ ጋሼ። «ካላየን አንከፍልም።»

«ጋሼ፣ ጉማሬው እኮ የእኛ ቅጥረኛ አይደለም።»

በመጨረሻ ከደንገሉ ሥር ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። ከጆሮዎቹ በታች ሁለት ዓይን፣ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ። ጆሮዎቹ ተርገበገቡ፣ ውሃ ረጩ፣ ጠፉ። ያየነው ጉማሬ ይህ ነው። ልጁ ከዚህ በላይ አልቀርብም ብሎ ጀልባዋን ወደ ኋላ መለሳት፤ ልክ ነበረ። ጋሼ ግን ማታ ሠርግ ቤት ስለዚያው ጉማሬ ሲያወሩ ጠጋ ብዬ ሰማሁ፦ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ ጀልባዋን በጎን ገፍቶ ነበር። እትዬም ሲመሰክሩ ሰምቻለሁ።

ጉማሬ ለማየት የመጣ ሰው ሌላውን ሁሉ ማለፉ ያሳዝናል። ረግረጉ ውስጥ ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከጆሮዎቹ በላይ፣ ደንገሉ ጫፍ ላይ ነበር። ቢጫ የሆኑ ሸማኔ ወፎች ሠፈር ቆርቁረው ተንጫጩብን። አንዱን ወንድ ቆሜ አየሁት። አንድ ረጅም ሣር በአፉ ይዞ መጣ፣ ዘንጉ ላይ ተዘቅዝቆ ተንጠለጠለ፣ ሣሩን አሾለከ፣ በሌላ ወገን ጎተተ፣ ቋጠረ። ሳያርፍ በረረና ሌላ ይዞ መጣ። ቤቱ አልቆ በሩ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ክንፉን እያርገፈገፈ ጮኸ። ሴቷ መጣች። ገባች፣ ዞረች፣ ውስጥ ያለውን ሣር ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተሸች፣ ወጣችና ሄደች። አልወደደችውም። ቤቱን የምትወድለት ካጣ ወንዱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ ጋሼ። በዚያን ቀን ለአንድ ፍጡር ከልባቸው ሲያዝኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

«ሳሎኑ ጠብቧት ይሆናል» አሉ እትዬ።

ከደንገሉ ወዲህ፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ቅጠል ያለበት ቦታ፣ ቡናማ ቀለም ያላት ግንባሯ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ትራመዳለች። ጃካና ትባላለች። የእግሯ ጣቶች ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቷን ስለሚያከፋፍሉላት ቅጠሉ ላይ ሳትሰምጥ ትሄዳለች። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። እንቁላሉን ጥላለት ትሄዳለች፣ የሚታቀፈውና የሚያሳድገው እሱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በብብቱ ሸጉጦ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ከክንፉ ሥር የተንጠለጠሉ ትናንሽ እግሮች ይታያሉ።

«ወንዱ ነው የሚያሳድገው?» አሉ እትዬ፣ ቀና ብለው ባለቤታቸውን እያዩ።

«ሴቷ ታዲያ ምን ትሠራለች?» አሉ ጋሼ።

«ሌላ ባል ታገባለች» አለ ልጁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ነገር አልለኩም።

ዝምታቸውን የሰበረው አርጃኖ ነው። ከዳር ፀሐይ ሲሞቅ የነበረው አውሬ ድምፃችንን ሰምቶ ጅራቱን እየጎተተ ውሃ ገባ። ጋሼ «ዓዞ!» ብለው ሲነሡ ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ እትዬ ማርያምን ጠሩ። ልጁ ሳቀ። ጣና ውስጥ ዓዞ የለም። ወደ ታች በርሃ ውስጥ ያለው የዓባይ ዓዞ ወደዚህ ልውጣ ቢል ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ሆኖ ቆሞበታል። ያው ፏፏቴ ዓሦቹንም ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸው ስለኖረ፣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ብቻ እንጂ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች አሉ። እትዬ ይህን አልሰሙም። ማርያምን ገና አልጨረሱም ነበር።

ወደ ደንገሉ ውስጥ የሚገባው ቀጭን መንገድ ለሞተር አይሆንም። የደንገል ታንኳ ያላቸው ሽማግሌ አንድ ጥግ ቆመው ነበርና ልጁ «አያ» ብሎ ጠራቸው። ከነገደ ወይጦ ናቸው። ነገደ ወይጦ ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ያንን ሥጋ ይበላሉ እየተባለ ጎረቤት ሁሉ ሲጸየፋቸው ኖሯል። የተጸያፊዎቹ ማገዶ ግን ከዘጌ ባሕር ዳር የሚሻገረው እነሱ በሠሩት ታንኳ ነበር። እንዲህ ያለው ንቀት ውሃ ዳር ሲደርስ ይረሳል፣ ሲሻገር ይታወሳል።

ጋሼ ለሠርግ በተወለወለ ጫማቸው ታንኳዋ ላይ ወጡ። ወዲያው ጮኹ።

«ውሃ እያስገባች ነው!»

«ሁልጊዜም ታስገባለች» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ አትሰምጥም?»

«ምኗ ይሰምጣል? ሣር ናት።»

ነገሩ እውነት ነው። ታንኳ ውሃ እንዳይገባባት ተደፍና የምትንሳፈፍ አይደለችም። የታሰረው ደንገል ራሱ ነው በያዘው አየር የሚንሳፈፈው፤ ውሃው ቢገባም ቢወጣም ግድ የላትም። ግን ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ስለሚጠጣ ሥራ ሲያልቅ ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቋታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ አንዷ ስታረጅ ሌላ ይታሰራል።

ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «ይቺ ነገር የት ድረስ ታደርሳለች?» ብለው ጠየቁ። እኔም ያነበብሁትን ነገርኳቸው። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ፣ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ከሰው ተከራከረ። ደንገሉን ከጣና አስቆረጠ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ጀልባ አድርገው አሰሩለት፣ ስሟንም «ራ» አላት። ከሞሮኮ ወደብ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ተነሣ። ሳምንታት ተጓዘ። ከዚያ የኋላ ጫፏ ውሃ እየጠጣ ወረደ፣ ባርቤዶስ ሳይደርሱ ጥለዋት በሌላ መርከብ ሄዱ። በዓመቱ ሌላ አሠርቶ ነው የተሻገረው።

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አቁመው በጥሞና ሲሰሙኝ ነበር።

«ማታ ማታ እያወጣ አላደረቃትም ይሆናል» አሉ።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። ግራ ቀኙ ደንገል ብቻ፤ ነፋሱ እንኳ የሚሰማው ከላይ ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከታረሰው ተራራ ሁሉ አፈር ጠርገው ወደ ሐይቁ ያመጣሉ። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ወደ ደንገሉ ሥር ሰደው አንድ እፍኝ ጭቃ አወጡልን። ውሃው እዚህ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሰበራል፣ አፈሩም ሥሩ መካከል ይዘቅጣል።

«ይሄ ባይኖር ጭቃው ገብቶ መሀል ሐይቁ ላይ ይተኛ ነበር» አሉ።

ጋሼ ጭቃውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ዓይናቸው በራ። «በለው! ታዲያ ይሄ ነገር በራሱ ጊዜ መሬት እየሆነ ነው!»

«ሆኗል እንጂ። በፎገራ በኩል ድሮ ውሃ የሚተኛበት ስንቱ ቦታ ዛሬ ታርሶ ሩዝ ያበቅላል።»

«ጎሽ!»

«ጎሽ አሉ? ታንኳዬን ምን ላይ ላስኪዳት?»

ጋሼ መልስ ፈልገው አጡ። ለሰው አዛኝ ናቸው፤ ቅድም ለሸማኔው ወፍ ያዘኑት ዓይነት ፊት መጣባቸው። እኔም ለሁለቱም አዘንሁ፤ ሩዝ በልቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁምና መፍረድ አልቻልሁም።

ስንመለስ እትዬ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ወይን ጠጅ አበባ አዩ። «እንዴት ያምራል! ትንሽ ነቅለህ ብትሰጠኝ በርሜል ውስጥ አደርገዋለሁ» አሉ። ልጁ ውሃው ውስጥ ሊዘል ምንም አልቀረው። እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረ፣ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየ አረም። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሕዝብ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ ማሽን ሲመጣለት፣ ሲቃጠል ኖሯል። ሄዶ ሄዶ ያላለቀ ሥራ ነው። ብዙ አገር የገባውም እንዲህ ነው ይባላል፤ አንዲት ደግ ሴት አበባው አምሯት።

«እናቴ፣ ይሄንን ቤት ካስገቡት ቤቱን ለቀው የሚወጡት እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ከጀልባ ወርደን ወደ መኪናው ስንሄድ ዳር ላይ አንዲት ሴት ቄጤማ በእስር በእስር ደርድራ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው፤ ማጭዷ አጠገቧ አለ። ለመልሱ ቤቱ ሊጎዘጎዝ ስለሆነ እትዬ ቆሙ። ዋጋ ጠየቁ፣ ሰሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ለሣር? ይሄ ሁሉ ብር ለሣር? እዚያ በነፃ በቅሎ ሞልቶ የለም እንዴ!»

«ሞልቷል እትዬ» አለች ሴትዮዋ፣ ወደ ደንገሉ በአገጯ እያሳየች። «ሣሩን ገብተው ይጨዱት። እኔ የማስከፍለው የጉማሬውን ነው።»

እትዬ ወደ ውሃው አዩ፣ ወደ ጋሼ አዩ። ቦርሳቸውን ከፈቱና ሁለት እስር ጨምሩልኝ አሉ።